የመዝጊያ ሰዓት

ካንፑር፣ ከደረጃ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣
ጊርጃ ሻንካር ቃል ይቆጥራል፣ ሳይቸኩል፣ ሳይስቅ።
የስድስት ጋዜጣ ዋጋ ከግድግዳው ተለጥፏል፣
እሑድ ይወደዳል፣ ማክሰኞ ይረክሳል፣ ጥቁር ክፈፍ ያስጨምራል።
እኔ ተለማማጁ፣ በአንድ እጄ መቀስ፣ በአንድ እጄ ሙጫ፣
የታተመውን እቆርጣለሁ፣ ለደንበኛው መተማመኛ፣ ለሒሳቡ መቋጫ።

ሰው በጧት ይመጣል፣ የሆዱን በወረቀት ጽፎ፣
ሃምሳ ቃል ይዞ ይገባል፣ ይወጣል አሥራ ሁለት አትርፎ።
አባት ልጁን ሊድር፦ "መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ትሑት፣ የተማረች፣ ደግ..."
ጊርጃ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፦ "ከ'ጨዋ' በኋላ 'ትሑት' ምን ሊያደርግ?
ይልቅ ቁመቷን ጻፍ፣ የምትሠራበትን ባንክ፣
ቅጽል ኪስ ያራቁታል እንጂ ሙሽራ አይማርክ።"
አንድ ጎረምሳ፣ ባቡር ላይ ዲግሪውን የጣለ፣
አንዲት ልጅ፣ ስሟ አንድ ፊደል ጎድሎ ፓስፖርቷ የተስተጓጎለ፣
ሁሉም ቃሉን ያስመዝናል፣ እንደ እህል፣ እንደ ጨው፣
ጊርጃም በእርሳስ ጫፍ ይወጋዋል፣ ትርፉን ሊያወጣው።

ደግ ነው አላልኩም፤ ሻዬን ከደመወዜ ቆርጧል፣
ለአራጣ አበዳሪው ማስታወቂያ እጥፍ ዋጋ ጠርቷል።
አንዴ የሟች ፎቶ በሙሽራ ቦታ ገብቶ፣
የሁለቱን ቤት ደጅ ጠና፣ እራቱን ትቶ፣
ደግሞም በነፃ አስወጣው፣ ከኪሱ አውጥቶ።
ያቺ ባሏ የሞተባት፣ በሻርፗ ጫፍ ሳንቲም ቋጥራ፣
አራት መስመር ብቻ ገዝታ፣ ጣቷን አጥፋ ቃል ቆጥራ፣
"ተወዳጅ" የምትል ቃል ከመስመሩ ብትተርፍባት፣
ቀና ሳይል ከኮሚሽኑ ከፈለላት።

በሐምሌ፣ ዝናብ መንገዱን ወንዝ ባደረገ ማታ፣
ባንኬላል ኮርቻ ሰሪው በራችንን በጡጫ መታ።
ልብሱ ይንጠባጠባል፤ ወረቀቱ ግን ደረቅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣
ሥርዝ ድልዝ ያልነካው፣ በጠበቃ ቃል የበሰለ፦

"ልጄ ሳኬት ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለም።
ከቤቴ፣ ከሀብቴ፣ ከስሜ ድርሻ የለውም።
ለሚበደረው ዕዳ፣ ለሚያደርገው ነገር ኀላፊ አይደለሁም።"

ጊርጃ በእርሳሱ ቆጠረ፦ "አሥራ ሰባት ቃል ነው፤
'ልጄ' ሁለቴ ገብቷል፤ አንዱ ይበቃል፤ የቱን ልሰርዘው?"

ባንኬላል አፉን ከፈተ። ዝናቡ ብቻ መለሰ።
ጣቱ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው፣ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው ተመላለሰ፣
እዚያ፣ በሁለቱ መሀል፣ ቀለሙ በጣቱ ውሃ ራሰ።
"ሁለቱም ይግቡ፤ እከፍላለሁ" ብሎ ቦርሳውን ፈታ።
ጊርጃ የግድግዳውን ሰዓት አየ፦ "ለነገ አይደርስም፤ መዝጊያው አልፏል ጌታ፣
ሐሙስ ና።" አሥራ አንድ ተኩል ነበር። መዝጊያው አንድ ሰዓት ማታ።

መቀሴ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። እኔ አፌን ዘጋሁ።
በዚህ ሥራ ውሸት ስንት ያወጣ እንደሁ፣
በመስመር ይሁን በቃል፣ እስከ ዛሬ አልተረዳሁ።
ሱቁን ስንዘጋ፦ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አለኝ፣ ቁልፉን እያዞረ፣
"ከጋዜጣ የወጣማ ስድሳ ሺህ ደጃፍ ያድራል፤ ማን ለቅሞ አስቀረ?"

ሐሙስ ባንኬላል አልመጣም። ዓርብም። ዝናቡም አባራ።
ወረቀቱ በመሳቢያችን ቀረ፣ ከእርሳስ ፍርፋሪ ጋራ።
በዲዋሊ ሰሞን፣ የወርቅ ቤት ማስታወቂያ ገጹን ሲያጣብብ፣
ስቆርጥ አገኘሁት፤ በሌላ ወኪል የወጣ፣ ገጽ ዘጠኝ፣ ከ"ይከራያል" አጠገብ።
ያው ሳኬት። ያው ዕዳ። ያው የጠበቃ ፈሊጥ፣
ሁለቱም "ልጄ" በቦታቸው፣ አንዱም ሳይለወጥ።

ጊርጃ መነጽሩን ወልውሎ አነበበ፣ እንደገናም አነበበ፣
በጥፍሩ ቁመቱን ለካ፣ ዋጋውን በከንፈሩ አሰበ።
"አሥራ ሰባት" አለ። "አንዱን እንኳ አላስወጡለትም፤ ሙሉ አስከፍለውታል።"
ከዚያ እርሳሱን አነሣ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ በቀቀኗ ጠፍቶባታል።